የአራስ ወግ፦ ከእንገር እስከ ጡት ልጅ

በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች ማጥባት ለእናቲቱ ብቻ የተተወ ሥራ አልነበረም። አራስ ሴት ውሃ አትቀዳም፣ እንጨት አትለቅምም፣ ምጣድ አጠገብ አትደርስም። እናቷ ወይም እኅቷ መጥታ ታርሳታለች። የጎረቤት ሴቶች «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያሉ ገንፎ ይዘው ይገባሉ። በኦርቶዶክሳውያን ዘንድ ወንድ ልጅ በአርባ፣ ሴት ልጅ በሰማንያ ቀን ክርስትና ሲነሱ እናቲቱም ወደ ቤተ ክርስቲያን ትመለሳለች፤ እስከዚያ ድረስ ሥራዋ መብላት፣ ማረፍና ማጥባት ነው።

ምግቡም የታሰበበት ነበር። አጥሚት፣ ተልባ፣ ቅቤ የጠገበ ገንፎ፣ አቅም ካለም ሙክት ይቀርብላታል። ወተት ያመጣል ተብሎ ከሁሉ በላይ የሚታመንበት ግን አብሽ ነው። ዱቄቱ በውሃ ይዘፈዘፋል፤ ሲጠል መራራው ውሃ ይደፋና ሌላ ይጨመርበታል። ምሬቱ እስኪለቅ ድረስ ይህ ይደጋገማል። ከዚያ ነጭ አረፋ እስኪያወጣ ተመትቶ ማር ይገባበታል። ጡት ወተት የሚያመነጨው ሕፃኑ በጠባው መጠን ነው። ስለዚህ የአራስ ቤት ትልቁ ጥቅም አብሹ ብቻ አልነበረም፤ እናቲቱ ሌላ ሥራ ሳይጠራት ልጇን በፈለገ ጊዜ ሁሉ ማጥባት መቻሏ ነበር።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ባለበት ቤት አንድ ከባድ ስሕተት ይፈጸም ነበር። የላም እንገር ተፈልቶ እየተወደደ ሲበላ፣ የእናት እንገር ግን ሆድ ያማል፣ ቆሻሻ ነው ተብሎ በብዙ ቦታ እየታለበ ይደፋ ነበር። በምትኩ ጨቅላውን ለጋ ቅቤ ያልሱት ነበር። ያ ቢጫ ፈሳሽ ሕፃኑን ከበሽታ የሚከላከሉ ንጥረ ነገሮች የታጨቁበት በመሆኑ፣ ልጁ የመጀመሪያ መከላከያውን ያጣ ነበር። በፍቅርና በመልካም ሐሳብ የተደረገ መሆኑ ጉዳቱን አያቀለውም።

ሕፃን እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ይጠባል፤ በሙስሊሞች ዘንድም ቁርኣን ማጥባትን ለመሙላት ለሚፈልጉ ሁለት ሙሉ ዓመት ይላል። እናቲቱ ዳግመኛ ካረገዘች ወተቱ ተበላሽቷል ተብሎ ልጁ ቶሎ ጡት ይጥላል፤ እምቢ ካለም ጫፉ ላይ እሬት ይቀባበታል። እናት ከሞተች ወይም ወተቷ ከነጠፈ የምታጠባ ዘመድ ወይም ጎረቤት ትፈለጋለች። በእስልምና ሕግ እንዲህ ያለው ማጥባት ዝምድና ይፈጥራል፤ ከአንድ ሴት ጡት የጠቡ ልጆች እንደ ወንድምና እኅት ስለሚቆጠሩ አይጋቡም።

የጡት ዝምድና ከአራስ ቤት ወጥቶ ወደ ጌቶች አዳራሽም ገብቷል። «የጡት ልጅ» እና «የጡት አባት» መባባል የታወቀ ወግ ነበር፤ ጠቢውም ትልቅ ሰው ሊሆን ይችል ነበር። በ1840ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ትግራይ ውስጥ የኖረው እንግሊዛዊው ማንስፊልድ ፓርኪንስ በ1853 ባሳተመው መጽሐፉ እንደጻፈው፣ ከእርሱ በሥልጣን ለሚበልጥ ሰው ልጅ መሆን የፈለገ የዚያን ሰው እጅ ይዞ ጣቱን ይጠባና ልጅነቱን ያውጃል። ከዚያ በኋላ አዲሱ አባት በተቻለው ሁሉ ሊረዳው ግዴታ ነበረበት። ሥርዓቱ ምሳሌያዊ ቢሆንም የሚያስከትለው ኃላፊነት እውነተኛ ነበር። ወጉ ይህን ያህል ክብደት ያገኘው የእናት ወተት የማይካድ ውለታ ተደርጎ ስለሚቆጠር ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ጉዲፈቻን በፍርድ ቤት የሚጸድቅ ውል አደረገው፤ ጣት መጥባት ከዚያ ወዲህ በሕግ ፊት ልጅ አያደርግም።

የአራስ ቤቱ ለውጥ የመጣው ዘግይቶ ነው። በ1990ዎቹ (ዓ.ም.) አጋማሽ የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሴት ባለሙያዎችን ወደ ገጠር ቤቶች ላከ፤ እንገር እንዳይደፋ፣ ልጅ በተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጡት እንዲይዝ አስተማሩ። በ2003 ዓ.ም. የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከጡት በፊት ሌላ ነገር የቀመሱ ሕፃናት 27 በመቶ ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. ጥናት ግን 8 በመቶ ሆነው ተገኙ። ለዘመናት የኖረ ልማድ በዚህ ፍጥነት መተዉ እናቶች ምክንያቱ በአግባቡ ሲነገራቸው እንደሚሰሙ ያሳያል።

በከተማ ያለው ችግር ሌላ ነው። የምታርስ እናት ሩቅ ናት፣ ጎረቤትም ሥራ ውሎ ነው የሚመጣው፤ እናቲቱም ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ከወሊድ በኋላ የሚሰጠው ፈቃድ 60 ቀን ነበር፤ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ወደ 90 ቀን አሳድጎታል። ሕፃኑ ከጡት በቀር ምንም እንዳይቀምስ የሚመከረው ግን እስከ ስድስት ወሩ ነው። ከእነዚህ ስድስት ወራት ሕጉ የሚሸፍነው ግማሹን ብቻ ነው።