እቅፍ አበባ ወደ ሶዶ
የአበባ ስጦታና የትእዛዝ ታሪክ

አበባ በሰው ልጅ ማኅበራዊ ኑሮ ውስጥ ከጌጥነት ያለፈ አገልግሎት ሲሰጥ ኖሯል። አይበላም፣ አይለበስም፣ በጎተራ አይከተትም። ይሁን እንጂ ደስታ ወይም ኀዘን በደረሰ ጊዜ በቃል የማይዘለቀውን ስሜት ተሸክሞ ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው የሚሻገረው እርሱ ነው። አማርኛም ይህን ተግባሩን በስያሜ ለይቶ ያውቃል። ለሙሽራ፣ ለተመራቂና ለእንግዳ የሚበረከተው እቅፍ አበባ ይባላል፤ በሰማዕታት ሐውልትና በመቃብር ላይ የሚያርፈው ደግሞ ጉንጉን አበባ ነው። «እቅፍ» የሚለው ቃል የመጠን መለኪያ ብቻ ሳይሆን የመቀበያው አኳኋን መግለጫም ነው፤ ስጦታው የሚያዘው በመዳፍ ሳይሆን በደረት ነው።

ዛሬ በአዲስ አበባ ወይም በባሕር ማዶ የሚኖር የወላይታ ተወላጅ፣ ሶዶ ላይ ለምትመረቅ እኅቱ እቅፍ አበባ እንዲደርሳት በስልክ ሊያዝ ይችላል። ነገሩ ሲታይ ቀላል ነው። ከጀርባው ግን የመሬት፣ የጉልበት፣ የመንገድና የባህል ረጅም ታሪክ አለ። ታሪኩ በሚገባ ሲመረመር፣ አበባውን የሚያበቅለው ማን ነው፣ የሚቀበለውስ ማን ነው የሚለው ጥያቄ ጎልቶ ይወጣል።

በኢትዮጵያ አበባን የመስጠት ልማድ ከገበያ በፊት የነበረና ከወቅት ጋር የተሳሰረ ነው። በአገሪቱ የዘመን አከፋፈል ክረምቱ መስከረም 25 ቀን አብቅቶ መፀው ይገባል። ቤተ ክርስቲያንም ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ቀን ያሉትን 40 ቀናት ዘመነ ጽጌ ብላ ሰይማቸዋለች። በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚፈነዳው አደይ አበባ ደጋማውን የአገሪቱን ክፍል በቢጫ የሚያለብሰው በዚሁ ሰሞን ነው። በዕንቁጣጣሽ ልጃገረዶች «አበባየሆሽ» እያሉ በየደጁ ይዞራሉ፣ አደዩንና ለምለሙን ሣር ያበረክታሉ። ወንዶቹ ልጆች ደግሞ በወረቀት ላይ የቀለም አበባ ሥለው ለጎረቤትና ለዘመድ ያድላሉ። ምርቃትና ጥቂት ሳንቲም ይቀበላሉ። ብዙ ኢትዮጵያዊ ሠዓሊ በሕፃንነቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራውን ለሕዝብ ያቀረበው በዚህ የአበባ ሥዕል አማካይነት ቢሆን አያስደንቅም።

በዚህ ልማድ ውስጥ አዛዥና ታዛዥ፣ አምራችና ነጋዴ ተለያይተው አልቆሙም። አበባውን የቀጠፈችው እጅ ራሷ ትሰጠዋለች። ተቀባዩም የሰጪዋን ፊት ያያል። የአበባው ዋጋ በገንዘብ አይተመንም፤ ሳንቲሙ የበዓል መልስ ነው እንጂ ግዢ አይደለም። የአበባ ክብር በሕዝቡ ዘንድ የቱን ያህል እንደ ነበረ የአገሪቱ ርእሰ ከተማ ስም ራሱ ይመሰክራል። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ በፍልውኃ አጠገብ ለተቆረቆረው አዲስ ሰፈር የሰጡት ስያሜ ከድል ወይም ከንጉሥ ስም አልተወሰደም፤ ከአበባ ነው።

በወላይታ ይኸው የመስከረም ሰሞን የጊፋታ ወቅት ነው። የወላይታ ሕዝብ የዘመን መለወጫ የሆነው ጊፋታ ከመስከረም 14 እስከ 20 ባሉት ቀናት ውስጥ በሚውለው እሑድ ይከበራል። የበዓሉ ዝግጅት ለአበባ ትእዛዝ ታሪክ ሩቅ ቢመስልም ትልቅ ትምህርት ይሰጣል። በጊፋታ የሚታረደው በሬ በአንድ ቀን ገንዘብ አይገዛም። ወንዶች ዓመቱን ሙሉ በኅብረት ይቆጥባሉ፤ ሴቶችም በበኩላቸው ለቅቤው ያጠራቅማሉ። በቀጠሮ መዘጋጀት፣ ለሚመጣው ደስታ አስቀድሞ ማዋጣትና ዕቃውን በቀኑ ማድረስ ለወላይታ ሕዝብ እንግዳ ነገር አይደለም። ዘመናዊው ንግድ «ቅድመ ትእዛዝ» የሚለው አሠራር በወላይታ መንደሮች ውስጥ በወግ መልክ ሲሠራበት ኖሯል።

የሶዶ ከተማ ታሪክ ከዚህ ሕዝብ ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። በመጨረሻው የወላይታ ንጉሥ በካዎ ጦና ዘመን፣ በ1887 ዓ.ም.፣ ከብርቱ ጦርነት በኋላ ግዛቱ በምኒልክ መንግሥት ሥር ገባ። በዳሞታ ተራራ ግርጌ የተመሠረተችው ሶዶም የአስተዳደርና የገበያ ማእከል ሆና አደገች። በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ጊዜ በሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት የወላይታ አውራጃ ዋና ከተማ ነበረች። ወላይታ በ1993 ዓ.ም. ራሱን የቻለ ዞን ሲሆን የዞኑ መቀመጫ ሆነች። በ1999 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ተከፈተባት። በ2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲቋቋም ደግሞ ከክልሉ የአስተዳደር መቀመጫዎች አንዷ ለመሆን በቃች። የምረቃ በዓል፣ የከተማ ሠርግና የመንግሥት እንግዳ አቀባበል በበዙበት ሁሉ የእቅፍ አበባ ፍላጎትም አብሮ ይበዛል። ገጠሩ በወቅቱ ያበቀለውን ለወቅቱ በዓል ይሰጣል፤ ከተማው ግን በዓሉን በራሱ የቀን መቁጠሪያ ስለሚወስን፣ አደይ በሌለበት በሐምሌም ሆነ በጥር አበባ ይሻል።

ወቅትንና ርቀትን የማሸነፉ ችግር በሌላው ዓለም መልስ ማግኘት የጀመረው በ20ኛው ምእት ዓመት መባቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1908 በበርሊን ማክስ ሁብነር የተባለ የአበባ ነጋዴ፣ አበባውን ሳይሆን ትእዛዙን ብቻ ወደ ሩቅ ከተማ የመላክን ዘዴ በማኅበር መልክ አደራጀ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1910፣ በአሜሪካ የአበባ ነጋዴዎች ተሰባስበው ይህንኑ ሥራ በቴሌግራፍ ማካሄድ ጀመሩ። የአሠራሩ ምስጢር ግልጽ ነበር። የሚጠወልገው አበባ ረጅም ጉዞ አይችልም፤ ቃል ግን ይችላል። ስለዚህ በአንዱ ከተማ የሚገኘው ነጋዴ ገንዘቡን ተቀብሎ መልእክቱን ያስተላልፋል። ተቀባዩ ባለበት ከተማ ያለው ባልደረባው በአካባቢው ከበቀለው አበባ እቅፉን አሰናድቶ ያደርሳል። ይህ እንዲሆን ግን አንድ ነገር ግድ ነው፤ በየትንሹ ከተማ አበባ አብቃይና አበባ አሳሪ መኖር አለበት።

ከዚህ ጎን ለጎን ሌላ መንገድ ተከፈተ። በሆላንድ አልስሜር ከተማ እ.ኤ.አ. በ1968 ሁለት ነባር የጨረታ ማኅበራት ተዋሕደው ግዙፍ የአበባ ገበያ አቋቋሙ። ማቀዝቀዣውና አውሮፕላኑ ሲታከሉበት፣ ቃል ብቻ ሳይሆን አበባው ራሱ አህጉር የሚያቋርጥበት ዘመን መጣ። ኢትዮጵያም ወደ ዓለም የአበባ ገበያ የገባችው በዚህ ሁለተኛው መንገድ ነው።

የመጀመሪያው ሙከራ የተደረገው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በመንግሥት እርሻዎች ነበር። እርሻዎቹ ለአውሮፓ ያቀረቧቸው በገላጣ ማሳ ላይ የሚበቅሉ፣ በንግዱ ቋንቋ «የበጋ አበቦች» የሚባሉ ዓይነቶችን ነበር። በዚህ ስያሜ ውስጥ አንድ የሚያስተውሉት ነገር አለ። የአውሮፓ በጋ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ያለው ጊዜ ነው፤ ይህም በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች ዝናቡ የሚበረታበት ክረምት ነው። የአውሮፓ ማሳ በውርጭ ሲደርቅ ግን የኢትዮጵያ ሰማይ ብሩህ ነው። አገሪቱ ለሌላው ዓለም የሸጠችው አበባ ብቻ ሳይሆን፣ ወቅቷንና የፀሐይ ብርሃኗን ጭምር ነበር ማለት ይቻላል።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ የግል ድርጅቶች በመስኩ ተሠማሩ። መስቀል ፍላወርና ኢትዮ ፍሎራ ከቀደምቶቹ ውስጥ ይጠቀሳሉ። ወዲያው ጎልደን ሮዝ የተባለው ድርጅት ተፍኪ አጠገብ ጽጌረዳን በመስታወት መሰል ቤት ውስጥ ማልማት ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2002 የአምራችና ላኪዎች ማኅበር ተቋቋመ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በዝዋይ፣ በዛሬዋ ባቱ፣ ሐይቁን ተንተርሶ ሰፊ የጽጌረዳ እርሻ ተስፋፋ። በ2000 ዓ.ም. የበጀት ዓመት ከአበባ የተገኘው የውጭ ምንዛሪ ከ100 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር አለፈ። አገሪቱም በአበባ ላኪነት ከኬንያ ቀጥላ በአፍሪካ ሁለተኛውን ስፍራ ያዘች።

ይህ ዕድገት ለአገር ምንዛሪ፣ ለብዙ ሺህ ሰዎችም የዕለት እንጀራ አስገኝቷል። በእርሻዎቹ ከሚሠሩት አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ናቸው። በባቱ እርሻዎች ከደቡብ አካባቢዎች፣ ከወላይታም ጭምር፣ ሥራ ፍለጋ የመጡ ይገኙባቸዋል። ጽጌረዳዋን በማለዳ የሚቆርጡት፣ እሾኋን የሚያራግፉት፣ በርዝመት የሚለዩትና በነዶ የሚያስሩት እነርሱ ናቸው። በሌላ በኩል የደመወዙ ማነስ፣ የፀረ ተባይ መድኃኒቱ ጉዳትና በሐይቁ ውኃ ላይ የሚደርሰው ጫና ሲያከራክር ቆይቷል። የአበባው ውበት ከተሠራበት ላብ ተነጥሎ እንዲታይ የሚያደርገው ርቀቱ ነው። በአምስተርዳም ጠረጴዛ ላይ የቆመው ጽጌረዳ የቆራጩን እጅ አያሳይም።

አሁን ወደ ሶዶ እቅፍ እንመለስ። ባቱ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ወደ ሻሸመኔ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ትገኛለች። ሻሸመኔ ላይ ወደ ምዕራብ የሚታጠፈው መንገድ በአላባ በኩል ሶዶ ይገባል። በካርታ ሲታይ ጽጌረዳው ለሶዶ ጎረቤት ነው። ይሁን እንጂ የንግዱ ፈለግ ከካርታው ጋር አይስማማም። የተቆረጠው አበባ በማቀዝቀዣ መኪና ሽቅብ ወደ ሰሜን ተጉዞ ቦሌ ይደርሳል፤ ከዚያም በጭነት አውሮፕላን ወደ አውሮፓ ይሄዳል። ለውጭ ገበያ ያልተመረጠው ለአገር ውስጥ መደብሮች ይቀርባል። እቅፉ በአዲስ አበባ ታስሮ ለሶዶ ከተላከ፣ አበባው የወጣበትን ጎዳና መልሶ ይወርዳል ማለት ነው። በቅዝቃዜ መጠበቅ የሚገባው አበባ በሕዝብ ማመላለሻ መኪና ላይ የስምጥ ሸለቆውን ሙቀት አቋርጦ ሲደርስ ግማሽ ዕድሜው አልቋል። ተቀባይዋ የምትታቀፈው የደከመ አበባ ነው። ይህንን ችግር ሽሽት በብዙ የአገሪቱ ትንንሽ ከተሞች የማይጠወልገው የፕላስቲክ አበባ ቦታውን ወስዷል። የማይሞት አበባ ግን ስጦታነቱ ጎዶሎ ነው። የአበባ ስጦታ ክብደቱ ሟችነቱ ነውና፤ ሰጪው «ለዚች ቀን ብቻ» ብሎ ያዘጋጀው መሆኑን የሚናገረው ጠውላጊነቱ ነው።

መፍትሔው የት ይገኛል ቢባል፣ ወላይታ ራሱ ያመለክታል። በዞኑ የሕዝቡ ብዛት ከፍተኛ፣ የቤተሰብ ይዞታም ጠባብ ነው። ስለዚህ የእንሰትን ስፍራ ለጽጌረዳ ይልቀቅ የሚል ሐሳብ ከሕይወት የራቀ ይሆናል። ነገር ግን የወላይታ ገበሬ ከቤቱ አጠገብ ያለውን፣ በፍግ የዳበረውን ዳርኩዋ የተባለ መሬት፣ ከእንሰቱና ከጎመኑ ጋር ልዩ ልዩ ተክል አሰባጥሮ የመያዝ የቆየ ጥበብ አለው። በአጥር ዳርና በደጃፍ የሚተከሉ፣ በገላጣ የሚያድጉ አበቦች ሰፊ መሬት አይጠይቁም። በርሊን ላይ በ1908 የተገኘው ዘዴ ዛሬም ይሠራል፤ ትእዛዙ ከሩቅ ይምጣ፣ አበባው ግን ከቅርብ ይቆረጥ። በወላይታ ደግሞ የቅድሚያ ዝግጅቱ ልማድ አስቀድሞ አለ። የምረቃው ቀን የታወቀ ነው፤ የሠርጉ ወራት የታወቀ ነው። ለጊፋታ በሬ ዓመት ሙሉ የሚያዋጣ ማኅበረሰብ፣ ለሐምሌ አበባ በሚያዝያ ዘር መዝራት አያቅተውም።

የኪነ ጥበብ ሰዎችና መምህራንም በዚህ ረገድ ድርሻ አላቸው። አበባን ማሰር ራሱን የቻለ የእጅ ጥበብ ነው። ቀለምን ከቀለም፣ ረጅሙን ከአጭሩ፣ ቅጠሉን ከአበባው ማስማማት የሠዓሊን ዓይን ይጠይቃል። የወላይታ ሸማኔ በቀይ፣ በቢጫና በጥቁር ጥለት ለዘመናት ያሳየው የቀለም ስሜት ለእቅፍ አበባም ምንጭ ሊሆን ይችላል። እቅፉ ሁሉ የአልስሜርን ካታሎግ መምሰል የለበትም። ከእንሰት ቅጠል ግንጣይ ጋር የታሰረ፣ በጥለት ቁራጭ የተጠመጠመ እቅፍ የትውልድ ስፍራውን የሚናገር ሥራ ይሆናል።

የአበባ ታሪክ በኢትዮጵያ ከቀጣፊዋ ልጃገረድ እጅ ተነሥቶ እስከ ጭነት አውሮፕላን ደርሷል። በመካከሉ የጠፋው አበባው አይደለም፤ አብቃዩና ተቀባዩ ፊት ለፊት የሚተያዩበት ቦታ ነው። ከወላይታ ወጥታ ባቱ ላይ ጽጌረዳ የምትቆርጥ ወጣት፣ እኅቷ ሶዶ ላይ ስትመረቅ ያንኑ አበባ ትኩስ እንደ ሆነ ልትሰጣት የምትችልበት ቀን ሲመጣ፣ የአገሪቱ የአበባ ልማት ከምንዛሪ ባሻገር ለባህልም ሠርቷል ይባላል።