የመኪና ሬዲዮ ታሪክ ለአሮጌ መኪና ባለቤት ያለው ትምህርት

ሬዲዮ በመኖሪያ ቤት ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ የተረጋጋ ኑሮ አለው። ኃይሉን ከግድግዳ ይቀበላል፤ የሚነቀንቀውም የሚረብሸውም ነገር ጥቂት ነው። ወደ መኪና በገባ ጊዜ ግን ሦስት ጥያቄዎች ተደቀኑበት። ኃይሉን ከየት ያገኛል? ከሞተሩ የሚመነጨውን የኤሌክትሪክ ሁከት እንዴት ይቋቋማል? በየትኛውስ ቦታ ይቀመጣል? የመኪና ድምፅ መሣሪያ ታሪክ በአመዛኙ ለእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች በየዘመኑ የተሰጡት መልሶች ታሪክ ነው። ዛሬ የአሮጌ መኪናውን ድምፅ መሣሪያ በገዛ እጁ ለማሻሻል መፍቻ የሚያነሣ ሰውም፣ ዐወቀውም አላወቀው፣ እነዚሁን ጥያቄዎች እንደ ገና ይመልሳል። መልሱ ቢሳሳት የሚበላሸው የዘፈኑ ጣዕም ብቻ አይደለም፤ መኪናውም ሊቃጠል ይችላል። ስለዚህ ታሪኩን መመርመር ለባለሙያ የትርፍ ጊዜ ጨዋታ አይደለም። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያው ዘመን

በ1930 በቺካጎ የሚገኘው የጋልቪን ፋብሪካ «ሞቶሮላ» የተባለውን የመኪና ሬዲዮ ለገበያ አቀረበ። ፖል ጋልቪን መሣሪያውን በራሱ መኪና ውስጥ አስገጥሞ በአትላንቲክ ሲቲ ከተማ ለተሰበሰቡ የሬዲዮ አምራቾች አሰምቷል። በአውሮፓም በ1932 የጀርመኑ ብላውፑንክት የራሱን የመኪና ሬዲዮ አወጣ። መኪኖቹ ለሬዲዮ ተብሎ የተዘጋጀ ቦታ ስላልነበራቸው መሣሪያው ተከፋፍሎ ይገባ ነበር፤ ተቀባዩ በአንድ በኩል፣ ስፒከሩ በሌላ በኩል፣ ተጨማሪዎቹ ባትሪዎች ደግሞ ከወለሉ በታች። እንግዲህ መኪናን እየበሱና ሽቦ እየሳቡ ሬዲዮ መግጠም ከመኪና ሬዲዮ ጋር አብሮ የተወለደ ሙያ ነው።

የኃይሉ ጥያቄ ከሁሉም ይከብድ ነበር። የዚያ ዘመን ሬዲዮ የሚሠራባቸው ቱቦዎች ወደ 200 ቮልት የሚጠጋ ኃይል ሲፈልጉ፣ የመኪናው ባትሪ የሚሰጠው 6 ቮልት ብቻ ነበር። ቀጥተኛ ጅረትን በትራንስፎርመር ከፍ ማድረግ አይቻልምና መሐንዲሶች «ቫይብሬተር» የተባለውን ዕቃ በሥራ ላይ አዋሉ። ይህም በሴኮንድ ከ100 ጊዜ በላይ የሚርገበገብ የብረት ምላስ ሆኖ፣ ጅረቱን እየቆራረጠ ለትራንስፎርመሩ የሚመች ያደርገዋል። የአሮጌ ሬዲዮ ባለቤቶች ዛሬም የሚያውቁት እዝዝታ ከዚህ የመጣ ነው።

ሁለተኛው ችግር ሁከት ነበር። በካንዴላው ጫፍ የሚፈነጥቀው ብልጭታ ራሱ ትንሽ የሬዲዮ አስተላላፊ ነው። በየካንዴላው መሥመር ላይ ሬዚስተር፣ በዲናሞው ላይ ኮንደንሰር በመግጠም ጩኸቱን ዝም ማሰኘት ተቻለ።

የትራንዚስተርና የካሴት ዘመን

በ1950ዎቹ አጋማሽ የአሜሪካ መኪኖች ከ6 ወደ 12 ቮልት ተሸጋገሩ፤ ቮልስዋገን ቢትል ግን በዋናው የአሜሪካ ገበያ እንኳ 12 ቮልት ያገኘው ለ1967 በተሠራው ሞዴል ነው። በ1955 ፊልኮና ክራይስለር ሙሉ በሙሉ በትራንዚስተር የሚሠራ የመኪና ሬዲዮ አስተዋወቁ፤ ትራንዚስተር በ12 ቮልት በቀጥታ ስለሚሠራ የቫይብሬተሩ አገልግሎት አበቃ። ፊሊፕስ በ1963 ካሴትን፣ በ1968 ደግሞ የመኪና ካሴት ማጫወቻን አቀረበ። የቦታውንም ጥያቄ የጀርመን ደረጃ መለሰው፤ 180 በ50 ሚሊሜትር የሆነው የዳሽቦርድ ቀዳዳ በብዙ አገሮች የተለመደ ሆነ። ዲናሞው በአልተርኔተር ሲተካ በቂ ኃይል ተገኘ፤ ነገር ግን ከሞተሩ ፍጥነት ጋር የሚጨምርና የሚቀንስ አዲስ ፉጨት አብሮ መጣ።

መኪናውን ማንበብ

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው እያንዳንዱ መኪና የተሠራበትን ዘመን መልስ በሽቦዎቹ ውስጥ ይዞ እንደሚኖር ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ መግዛት ሳይሆን መለካት ነው። ባትሪው ስንት ቮልት ነው? ከሻንሲው ጋር የተያያዘውስ የትኛው ጫፍ ነው? እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ ድረስ በርካታ የእንግሊዝ መኪኖች ከሻንሲው ጋር የሚያያዙት ፖዘቲቩን ጫፍ ነበር። ዛሬ የሚሸጥ ሬዲዮ እንዲህ ባለው መኪና ላይ በተለመደው መንገድ ቢገጠም ወዲያው ይበላሻል።

የስፒከሩም ሽቦ እንዲሁ ጥንቃቄ ይሻል። በብዙ አሮጌ መኪኖች የስፒከሩ አንድ ጫፍ ከሻንሲው ጋር የታሰረ ነው። የዛሬ ሬዲዮዎች ግን በአብዛኛው ስፒከሩን ከሁለቱም ጫፍ ይነዱታል። ምክንያቱን ስሌት ያሳያል። ሞተሩ ሲሠራ ከሚገኘው 14 ቮልት ገደማ በአንድ ጫፍ ብቻ የሚነዳ ስፒከር ወደ ላይና ወደ ታች 7 ቮልት ብቻ ያገኛል፤ ይህም በ4 ኦም ስፒከር ላይ 6 ዋት ያህል ነው። ከሁለቱም ጫፍ ሲነዳ ግን 14 ቮልት ስለሚደርሰው፣ ብክነቱ ሳይቆጠር፣ ኃይሉ 24 ዋት ይሆናል። ስለዚህ አዲሱን ሬዲዮ ከሻንሲው ጋር ከታሰረ ስፒከር ጋር ማገናኘት የሬዲዮውን መውጫ ሊያቃጥል ይችላል፤ ለእያንዳንዱ ስፒከር ሁለት አዲስ ሽቦ መሳብ ግድ ነው።

ከ24 ዋት በላይ የፈለገ ሰው ለብቻው የሚቆም አምፕሊፋየር ይጨምራል። በዚህ ጊዜ የቫይብሬተሩ ሐሳብ ይመለሳል፤ በአምፕሊፋየሩ ውስጥ የሚገኙ ትራንዚስተሮች የባትሪውን ጅረት በከፍተኛ ፍጥነት እየቆራረጡ ለትራንስፎርመር ያቀብላሉ። 200 ዋት የሚያወጣ አምፕሊፋየር ግማሹን ኃይል በሙቀት የሚያባክን ቢሆን፣ ሙሉ ጉልበቱን ሲያወጣ ከ13 ቮልት 30 አምፔር ገደማ ይስባል። ይህ ለአንድ አሮጌ ዲናሞ ሙሉ ሸክም ነው። ስለሆነም ወፍራም ሽቦ ከባትሪው በቀጥታ መሳብ፣ ከባትሪውም ከ45 ሳንቲሜትር ባልበለጠ ርቀት ላይ ፊውዝ መግጠም ያስፈልጋል። ፊውዙ የሚጠብቀው አምፕሊፋየሩን ሳይሆን ሽቦውን ነው፤ ሽቦው በብረት ጠርዝ ተፍቆ ሻንሲውን ቢነካ እሳቱን የሚያስቀረው እርሱ ብቻ ነው።

በአገራችን የታየው ጥያቄ

በአዲስ አበባ መንገዶች ለጃፓን ገበያ የተሠሩ፣ ያገለገሉ መኪኖች በብዛት ይታያሉ። በጃፓን የኤፍ ኤም ሥርጭት ለረጅም ዘመን ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርዝ የተወሰነ ስለ ነበር፣ ከእነዚህ መኪኖች ጋር የመጣው ሬዲዮ ኤፍ ኤም አዲስ 97.1ን ወይም ሸገር 102.1ን ሊይዝ አይችልም። መሣሪያው ደኅና ሆኖ ሳለ ጣቢያውን አያውቀውም ማለት ነው። መፍትሔው ሁለት ነው፤ ሬዲዮውን መለወጥ፣ ወይም በአንቴናውና በሬዲዮው መካከል ሥርጭቱን ዝቅ የምታደርግ ትንሽ ሣጥን ማስገባት። ሣጥኗ ለምሳሌ 15 ሜጋኸርዝ የምትቀንስ ከሆነ 97.1 በ82.1 ላይ፣ 102.1 ደግሞ በ87.1 ላይ ይሰማል። ሁለተኛው መንገድ ርካሽ ነው፤ የመኪናውንም ዳሽቦርድ ሳይነካ ይተወዋል።

ዳሽቦርዱን አለመንካት ራሱን የቻለ ቁም ነገር ነው። አንድ ጊዜ በመጋዝ የተቆረጠ የአሮጌ መኪና ዳሽቦርድ ተመልሶ አይገጥምም። የቀድሞውን ሬዲዮ በቦታው ትቶ አዲሱን ከመቀመጫ ሥር ወይም በዕቃ መጫኛው ውስጥ መሰወር፣ የተነቀለውንም ክፍል ማስቀመጥ፣ ለሚቀጥለው ባለቤትም ለሚቀጥለው ሠራተኛም ውለታ ነው።

በዛሬዎቹ መኪኖች ሬዲዮው ከመኪናው ኮምፒውተር ጋር የተሳሰረ በመሆኑ ባለቤቱ በቀላሉ አይነካውም። አሮጌው መኪና ግን ኤሌክትሪክን በእጅ ለሚማር ሰው አሁንም ክፍት መጽሐፍ ነው። እኛ ባለሙያዎች ምክር ስንጠየቅ «ተወው፤ ለሠራተኛ ስጠው» ብለን ከመመለስ ይልቅ መለኪያውን አስይዘን፣ ፊውዙን አሳይተን፣ የሳበውንም ሽቦ በወረቀት ላይ እንዲሥለው ብናስለምደው፣ መኪናውንም ሙያውንም ከጥፋት እናድናለን።