አንድ ቢያጆ አፈር

አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ሠርቶ የጨረሰ ሰው የመጨረሻ ወጪው ምን ይመስላችኋል? ቀለም? መጋረጃ? ግቢውን ሣር ማልበስ ካማረው የመጨረሻው ወጪ አፈር ነው። ነገሩ ያስቃል፤ መሬት በስንት መከራ ያገኘ ሰው መሬቱ ላይ አፈር አጥቶ አፈር ይገዛል! ምክንያት ግን አለው። መሠረት ሲወጣ ያ ክረምት ላይ የሚያብጠው፣ በጋ ላይ የሚሰነጣጠቀው ዋልካ ተዝቆ ይጣላል፤ በምትኩ ገረጋንቲ ይሞላል። ገረጋንቲ ደግሞ ቤት ይሸከማል እንጂ ሣር አያበቅልም። እናም ደላላ ይጠራል፣ ገልባጭ መኪና በር ላይ ይቆማል፣ አንድ ቢያጆ ጥቁር አፈር ይገለበጣል።

እኛ ከተሜዎች (በኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ ጽጌረዳ በባልዲ የምንተክለውም ጭምር) በዋጋው ላይ እስኪበቃን እንከራከራለን። አፈሩ ከማን ላይ ተነሥቶ እንደመጣ ግን አንጠይቅም። እስቲ ዛሬ እሱን እንጠይቅ። ጥያቄው ሩቅ ይወስደናል፤ ግብፅ ድረስ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ግብፅ ምን አገባት? አፈር በር ድረስ ሲመጣላት የኖረች አገር ስለሆነች ነው፤ ያውም በነጻ፣ ያውም ከእኛ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በአምስተኛው መቶ ዓመት የኖረው ግሪካዊው ሄሮዶቱስ የግብፅ አፈር ጥቁርና ፍርክስክስ የሆነው ወንዙ ከኢትዮጵያ ያወረደው ደለል ስለሆነ ነው ብሎ ጽፏል። የእሱ «ኢትዮጵያ» ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን አገር ሁሉ የሚያጠቃልል ነበር፤ ቢሆንም ግምቱ አልሳተም። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር በሰኔ 1861 አትባራ ወንዝ ዳር ሰፍሮ ሳለ ደረቁ ወንዝ በአንድ ሌሊት ሞልቶ ሲደርስ አየ። ይህ ከተከዜ በኩል የሚመጣ ውሃ ነው። ሰውየው የግብፅን መሬት የሠራው ከሐበሻ ተራሮች የታጠበ አፈር መሆኑን ከዚያ በኋላ አልተጠራጠረም።

ደለሉ በብዛት የሚመጣው ከአባይና ከአትባራ ሲሆን፣ ግድብ ከመሠራቱ በፊት በዓመት ከ100 ሚሊዮን ቶን በላይ አስዋን ይደርስ ነበር። ይህ ሁሉ አፈር ግብፅ ውስጥ ማሳውን ከፍ የሚያደርገው በሺህ ዓመት አንድ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ስለ አባይ ስናወራ ይዞት የሚዞረው ግንድ ነው የሚታወሰን። አፈሩን ማን አስታወሰው?

ታዲያ ይህን ሁሉ ስጦታ የሚቀበለው የግብፅ ገበሬም አፈር አጥሮት ያውቃል ብንላችሁስ? በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ጥጥ በሰፊው ሲዘራ፣ ማሳውም ዓመቱን ሙሉ በመስኖ ሲታረስ መሬቱ ደከመ። ገበሬዎቹ መፍትሔውን ያገኙት ጥንታዊ ከተሞች ፍርስራሽ ላይ ነው። ከጭቃ ጡብ የተሠራ ቤት ሲፈርስ፣ ቆሻሻውም አብሮት ሲበሰብስ፣ በናይትሬት የበለጸገ አፈር ይሆናል። ስሙን ሰባኽ ይሉታል። በአህያ ተጫነ፣ በግመል ተጫነ፣ አንዳንድ ቦታ የባቡር ሐዲድ ሳይቀር ተዘረጋለት።

የአባቶቻቸውን ከተማ ቆፍረው ለጥጥ አበሉት ማለት ነው። አንዳንዴ ከአፈሩ ጋር ሌላም ነገር ይወጣል። በ1887 አማርና በሚባለው ቦታ አንዲት ሴት ሰባኽ ስትቆፍር የተጻፈባቸው የሸክላ ገበታዎች አገኘች ይባላል። ፈርዖኖች ከባቢሎንና ከሌሎች ነገሥታት ጋር የተጻጻፉባቸው ደብዳቤዎች ነበሩ፤ ዛሬ ከ300 በላይ ይታወቃሉ። ስንቱ ተሰባብሮ እንደጠፋ ግን ቤት ይቍጠረው። የአሜሪካው ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ በ1924 ካራኒስ በምትባለው ጥንታዊ ከተማ ቁፋሮ ሲጀምር ደግሞ የከተማዋ መሐል አስቀድሞ ተዝቆ አልቆ ትልቅ ጉድጓድ ብቻ ቀርቶ አገኘው። መሐል ከተማዋ በጭነት ተሸጧል!

ዋናው ጉድ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የአስዋን ከፍተኛ ግድብ በ1960 ተጀምሮ በ1970 ሲያልቅ ደለሉ ናስር ሐይቅ ውስጥ ቀረ። ከተሞቹ በዚያው ሰሞን ያብጡ ነበር፤ ወደ ባሕረ ሰላጤውና ሊቢያ ለሥራ የሄደው ግብፃዊ በላከው ገንዘብ ቤት ይሠራል፤ ቤት ደግሞ ቀይ ጡብ ይፈልጋል፤ ጡቡ የሚተኮሰው ከደለል ነው። አዲስ ደለል ሲቀር የጡብ ፋብሪካዎቹ ፊታቸውን ወደ ገበሬው ማሳ አዞሩ። ገበሬው የማሳውን ቆዳ ገፍፎ ሸጠ። ለዚህ ሥራ ግብፆች ስም እንኳ አላቸው፤ ተግሪፍ ይሉታል። መንግሥት በ1983 ባወጣው 116ኛ ሕግ የእርሻ መሬትን አፈር መግፈፍ ከለከለ፤ ፋብሪካዎቹም ከበረሃ ወደሚቆፈር ሸክላ እንዲዞሩ ተደረገ።

በእኛ አስተያየት ገበሬውን መውቀስ ቀላል ነው። ጥሬ ገንዘብ ይዞ በር ላይ የቆመ ገዢን እምቢ ማለት ለማን ይቀላል? ግን የተሸጠው ነገር የሚተካ ዓይነት አልነበረም። አንድ ሳንቲ ሜትር አፈር ለመሠራት አብዛኛውን ጊዜ ከመቶ ዓመት በላይ ይፈልጋል። ከላይ ያለችው አንድ ስንዝር ናት ትሉና ብስባሹን ይዛ የምታበቅለው፤ ከሥሯ ያለው ሌላ ነገር ነው። በነገራችን ላይ ኮንሶዎች ያችን ስንዝር ለማቆየት ከ400 ዓመት በላይ ድንጋይ ሲደረድሩ ኖረዋል፤ እርከናቸውም በ2011 በዩኔስኮ ተመዝግቧል።

ወደ ደጃችን ገልባጭ እንመለስ። አፈር የሚሸጥ ሁሉ ጥፋተኛ ነው አላልንም። ነገ አስፋልት ወይም ፎቅ ሊያርፍበት ከተወሰነ ቦታ ላይ የተነሣ አፈር ግቢያችሁ ቢገባ የተረፈ ነው፤ ከሲሚንቶ ሥር ከሚቀበር ሣር ያብቅልበት። ገና ከሚታረስ ማሳ፣ ከወንዝ ዳር ወይም ከጫካ ሥር የተገፈፈ ከሆነ ግን በዚያች ስንዝር ሌላ ሰው ይበላባት ነበር። ሾፌሩን ጠይቁት። «ከዳር ነው» ካላችሁ «ከምን ዳር?» በሉት።

ጥያቄው ለኪሳችሁም ይጠቅማል፤ ከመሠረት ጥልቀት የወጣን ድድር ጭቃ ጥቁር ስለሆነ ብቻ «ለም ነው» ብሎ የሚሸጥ አይጠፋም። ከመክፈላችሁ በፊት እፍኝ አፈር በውሃ በተሞላ የፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ ጨምሩ፣ በደንብ ናጡ፣ አሳድሩት። አሸዋው ከታች፣ ደለሉ ከመሐል፣ ሸክላው ከላይ ይደረደራል፤ ብስባሹ ይንሳፈፋል። ምንም ካልተንሳፈፈና ሁሉም ሸክላ ከሆነ መኪናውን መልሱት። ጥሩ ሆኖ ካገኛችሁትም ገረጋንቲው ላይ ዝም ብላችሁ አትድፉት፤ ሥሩን በዶማ አላሉት፣ አለዚያ ውሃው መሐል ላይ ይቆምና ሥሩ ይበሰብሳል። ደግሞ ልክ ያዙ፤ ለ50 ካሬ ሜትር ሣር አሥር ሳንቲ ሜትር ውፍረት ቢነጠፍ 5 ኩብ ይበቃል። ትልቁ ገልባጭ ከዚህ እጥፍ በላይ ይጭናል፤ ደላላው ሙሉውን ካልወሰዳችሁ ካለ ከጎረቤት ጋር ተካፈሉት።