ጠጁና ቅራሪው፤ ከቶስካና የወይን ተክል እስከ ሐራ ገበያ

በዛሬዪቱ ኢጣሊያ ከገጠሩ የገቢ ምንጮች አንዱ የእንግዳ ጉዞ ነው። ከልዩ ልዩ አገሮች የሚመጡ ጎብኚዎች መሪ ተሰጥቷቸው ከአንዱ የወይን ተክል ወደ ሌላው ይዘዋወራሉ። በየደረሱበት የዚያው መንደር ወይን ይቀዳላቸዋል፤ የዚያው መንደር አይብ፣ ዳቦና የወይራ ዘይት ይቀርብላቸዋል። ኮረብታው፣ ጽዱና የድንጋዩ ቤት ሁሉ በሠዓሊ እጅ የተቀናበረ ይመስላል። ይሁን እንጂ ይህ ማዕድ በምን ታሪክ እንደ ተዘረጋ፣ ቀድሞ በዚያ የድንጋይ ቤት ይኖር የነበረው ማን እንደ ሆነ፣ ምን ይበላ፣ ምንስ ይጠጣ እንደ ነበረ ከመሪው አንደበት ሁልጊዜ አይሰማም። ጥያቄው ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ባዕድ አይደለም። የኢጣሊያን ወይንና ምግብ መንደር በመንደር ለጎብኚ ያስተዋወቀው ማኅበር፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የወሎን ጎዳና ጭምር በመምሪያ መጽሐፍ ጽፎ ነበርና።

ሁለት መምሪያ መጻሕፍት

ቱሪንግ ክለብ ኢታሊያኖ በ1894 እ.ኤ.አ. ሚላኖ ላይ በብስክሌት ነጂዎች የተቋቋመ የጉዞ ማኅበር ነው። ማኅበሩ በ1931 እ.ኤ.አ. የኢጣሊያን ምግብና መጠጥ የሚዘረዝር መምሪያ አሳተመ። መንገደኛው በየትኛው አውራጃ የትኛውን ወይን፣ በየትኛው ከተማ የትኛውን አይብ፣ ሥጋና ጣፋጭ እንደሚያገኝ ይነግረዋል። ዛሬ በመሪ የሚደረገው የወይንና የምግብ ጉዞ ከዚህ መጽሐፍ ጋር የቀረበ ዝምድና አለው።

በ1937 እ.ኤ.አ. የፋሺስቱ መንግሥት የባዕድ ቃላትን ከኢጣሊያንኛ ለማስወገድ ባካሄደው ዘመቻ ምክንያት ማኅበሩ እንግሊዝኛ ስሙን ጥሎ ኮንሶቻሲዮኔ ቱሪስቲካ ኢታሊያና ተባለ። በዓመቱም፣ በ1938 እ.ኤ.አ.፣ «የኢጣሊያ ምሥራቅ አፍሪቃ መምሪያ» የተሰኘውን መጽሐፍ አወጣ። ኢትዮጵያ፣ ኤርትራና ሶማሊያ በአንድ ጥራዝ፣ ከ600 ገጽ በላይ በሆነ መጽሐፍ ውስጥ ገቡ። አቀራረቡ ጎዳናን የተከተለ ነበር፤ ርቀቱን በኪሎ ሜትር እየለካ መንገደኛውን ከከተማ ወደ ከተማ ይወስደዋል። ከአሥመራ ተነሥቶ በወልድያና በደሴ በኩል አዲስ አበባ የሚገባው፣ ከ1000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው ጎዳናም በዚያን ጊዜ ከዋናዎቹ የጉዞ መሥመሮች አንዱ ነበር።

ይህ ጎዳና ለጎብኚ ከመዘጋጀቱ በፊት የጦር መንገድ ነበር። የኢትዮጵያ ጦር መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ማይጨው ላይ ከተዋጋ በኋላ፣ ወራሪው በዚሁ አቅጣጫ ወርዶ ሚያዝያ 7 ቀን ደሴን፣ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባን ያዘ። ገና ደሙ ያልደረቀውን መንገድ በሁለተኛው ዓመት «የሽርሽር መሥመር» አድርጎ ማቅረብ የወረራው ሌላው ገጽታ ነበር። የ1931ዱ መጽሐፍ ኢጣሊያዊውን ከገዛ ወገኑ ማዕድ ጋር ያስተዋውቃል። የ1938ቱ ግን እንግዳን ከባለቤት ጋር ለማስተዋወቅ ሳይሆን፣ በጉልበት የተያዘውን አገር እንደ ርስት ለማስጎብኘት የተጻፈ ነው።

የወልድያና የመርሳ ጎዳና በጽሑፍ ሲታለል ይህ የመጀመሪያው አልነበረም። ከመርሳ ወደ ደቡብ ጥቂት እልፍ ሲባል፣ በአምባሰል በምትገኘው ውጫሌ፣ ይስማ ንጉሥ በተባለው ስፍራ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የውጫሌ ውል ተፈርሟል። የውሉ 17ኛ አንቀጽ በአማርኛው ኢትዮጵያ ከውጭ መንግሥታት ጋር ስትጻጻፍ በኢጣሊያ ለመጠቀም እንደምትችል ሲናገር፣ በኢጣሊያንኛው ግን ግዴታ አድርጎ አቀረበው። ልዩነቱም ወደ ዓድዋ አደረሰ። መምሪያ መጽሐፉም እንደ ውሉ ዕድሜ አላገኘም፤ በታተመ በሦስተኛው ዓመት፣ ሚያዝያ 18 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ ደሴ ከኢጣሊያ ጦር እጅ ወጣች።

እኩል አራሹ በሁለቱ አገሮች

በየገጹ የተወደሰውን ወይን ያመርት የነበረው ኢጣሊያዊ ገበሬ ራሱ የማዕዱ ባለቤት አልነበረም። በቶስካና፣ በኡምብሪያና በማርኬ ለዘመናት የጸናው የመሬት ሥርዓት «ሜዛድሪያ» ይባል ነበር። ቃሉ የተገኘው «ግማሽ» ከሚለው ነው፤ በአማርኛ አቻው እኩል አራሽ መሆኑ ነው። ገበሬው ከነቤተሰቡ በባለመሬቱ የድንጋይ ቤት ይኖራል፤ የወይኑን ሐረግ በዛፍ ላይ ስቦ፣ ከሥሩ ስንዴውን ይዘራል። በመከር ጊዜ እህሉ፣ ዘይቱና ወይኑ ለሁለት ይከፈላል። ከገበሬው ግማሽ ላይ ደግሞ ዕዳው ይነሣል። በመሆኑም በብዙ የገበሬ ቤት በዘወትር ገበታ ላይ የሚቀርበው ዋናው ወይን ሳይሆን፣ በተጨመቀው የወይን አሠር ላይ ውኃ ተሞልቶ የሚገኘው ቀጭን መጠጥ ነበር።

የወሎ አንባቢ ይህን መጠጥ ስሙን ሳይነግሩት ያውቀዋል፤ ቅራሪ ነው። በኢትዮጵያም ከማርና ከጌሾ የሚጣለው ጠጅ ለረጅም ዘመን የግቢና የመኳንንት መጠጥ ነበር። ጠላው ለደቦና ለዝክር ይወጣል፤ አተላው ላይ ውኃ ተጨምሮ የሚገኘው ቅራሪ ግን የአራሹ ጥም መቁረጫ ነው። እኩል አራሽና ሲሶ አራሽ የሚሉት ስሞች ራሳቸው የገበታውን ልክ ይናገራሉ። ከቶስካና ተመልምሎ ወሎ ድረስ የዘመተው እኩል አራሽ፣ መሬቱን ሊወስድ የመጣበት ገበሬ በኑሮው የቱን ያህል እንደሚመስለው ከመኮንኖቹ የነገረው አልነበረም።

ሥርዓቱ በሁለቱም አገሮች አለፈ፤ አወዳደቁ ግን ለየቅል ነው። በኢጣሊያ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ገበሬው ወደ ፋብሪካ ከተሞች ጎረፈ። በመስከረም 1964 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ አዲስ የእኩል አራሽነት ውል እንዳይፈረም ከለከለ። የድንጋይ ቤቶቹ ባዶ ቀሩ፤ ብዙዎቹንም የከተማ ባለጸጎችና የውጭ አገር ሰዎች ገዟቸው። በኢትዮጵያ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኝነትን በአንድ ቀን ሻረ።

ረሃብ ያየው ጎዳና

ከአዋጁ በፊት የነበሩት ዓመታት ግን በወሎ ጎዳና ላይ የማይረሳ ታሪክ ጥለዋል። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ዝናብ ጠፍቶ፣ ግብርና የባለመሬቱ ድርሻ ግን ሳይቀር፣ የወሎ ገበሬ ከነቤተሰቡ ወደ አስፋልቱ ወጣ። በመኪና የሚያልፈው መንገደኛ በዚያን ጊዜ ያየው የተዘረጋ ማዕድ ሳይሆን የተዘረጋ እጅ ነበር። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ያነሣው የረሃቡ ፊልም፣ ከቤተ መንግሥት ግብዣ ጋር ተነጻጽሮ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቴሌቪዥን ታየ፤ በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። በ1977 ዓ.ም. ረሃቡ ዳግመኛ ወሎን መታ። በዚህ ምድር ስለ ምግብና ስለ መጠጥ ጉዞ የሚጽፍ ሁሉ ይህን ማለፍ አይችልም። ማዕዱን ሲያሳይ የጎደለበትንም ዘመን ማሳየት አለበት።

ማዕዱን ለአራሹ

የኢጣሊያ ገጠር ከታሪኩ አንድ ጠቃሚ ትምህርት ወስዷል። በ1965 እ.ኤ.አ. በእርሻ ላይ እንግዳ ተቀባይነትን የሚያስፋፋ ማኅበር ተቋቋመ። በታኅሣሥ 1985 እ.ኤ.አ. የወጣው 730ኛው ሕግ ደግሞ ለሥራው ሥርዓት አበጀለት። የሕጉ ፍሬ ነገር፣ እንግዳ ማሳደሩና መመገቡ ከእርሻው ጋር የተያያዘና እርሻውን የሚደግፍ እንዲሆን፣ ዋናው ሥራ ግን እርሻው ሆኖ እንዲቀጥል ማስገደዱ ነው። በዚህ ስም እንግዳ የሚቀበለው ነጋዴ ሳይሆን አራሹ ነው። የወይን ጎዳናዎችን የሚመለከተው ሕግ በ1999 እ.ኤ.አ. የተከተለው በዚህ መሠረት ላይ ቆሞ ነው።

ይህ ትምህርት ለሐራ የሚጠቅምበት ምክንያት አለ። ከወልድያ በታች ባለው ቆላ የምትገኘው ሐራ ገበያ፣ ስሟ እንደሚያመለክተው የደጋው እህልና የቆላው ከብት የሚገናኙባት ናት። በ2007 ዓ.ም. ግንባታው የተጀመረው፣ 392 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው የአዋሽ፣ ኮምቦልቻና ሐራ ገበያ የባቡር ሐዲድ ሲነደፍ መድረሻው በእርሷ ላይ ነው የተወሰነው። ጎዳና በመጣ ቁጥር እንግዳ ይመጣል፤ እንግዳም በመጣ ቁጥር የሚመራው ያስፈልገዋል።

የአካባቢው ማዕድ ለመሪ የሚያንስ አይደለም። በቆላው የቆየው የማሽላ ዘር በሚያዝያ ገደማ ተዘርቶ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ይታጨዳል። ከዚያ በፊት እሸቱ ይጠበሳል፤ ጥንቅሹ ይመጠጣል፤ ከታጨደ በኋላ እንጀራው፣ ቂጣው፣ ገንፎውና ንፍሮው ይከተላል። በሲሪንቃ የእርሻ ምርምር ማእከል በማሽላ ላይ የሚደረገው ምርምርም የዚሁ ገበታ ታሪክ አካል ነው። የመርሳ ማንጎና ብርቱካን፣ አቦል፣ ቶናና በረካ እየተባለ የሚወርደው ቡና በየፈርጁ ይነገራል። ከሁሉ በላይ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ድግስ የሚገናኙበት ሥርዓት አለ፤ ለሁለቱም ለየብቻ ይታረዳል፤ ጠጅና ጠላ ለማይጠጣው ብርዝና ቀሪቦ ይቀርባል፤ ማንም ከግብዣው አይጎድልም። ከወረራው በኋላ የቀሩት ፓስታ፣ መኮሮኒ፣ ፉርኖና ማኪያቶም ሳይቀሩ በዚህ ገበታ ላይ ተራቸውን አግኝተው፣ ፓስታው በእንጀራ የሚበላ ሆኗል።

እንግዲህ ስለ ሐራ የሚጻፈው መምሪያ በሚላኖው አርአያ ኪሎ ሜትር እየቆጠረ የሚያልፍ ሊሆን አይገባውም። ማሽላው የማን ማሳ እንደ ሆነ፣ ማሩ ከማን ቀፎ እንደ ተቆረጠ፣ ከእንግዳው ገንዘብ ለአራሹና ጠጁን ለጣለችው ባልቴት ምን ያህል እንደሚደርስ በግልጽ የሚያስረዳ መሆን ይኖርበታል። የአካባቢው መምህራን የሽማግሌዎችንና የባልቴቶችን ቃል በመሰብሰብ፣ የኪነ ጥበብ ሰዎችም የእርሻውንና የገበያውን ሥራ በሥዕልና በፎቶግራፍ በመመዝገብ ይህን መጽሐፍ ከወዲሁ ሊጀምሩት ይችላሉ። እንግዳው ጠጁን ጠጥቶ ሲሄድ ለባለቤቱ ቅራሪው ብቻ እንዳይቀር ማድረግ የሚቻለው የመጀመሪያው ገጽ ሲጻፍ ነው።