ሻሽ ለብሶ እሳት ዳር

ነገሩ የሚጀምረው በደጋ አገር፣ በገበሬ ቤት፣ ምድጃ ዳር ነው። ጄምስ የሚባል የስኮትላንድ ጎረምሳ በሠርጉ ዋዜማ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ እንቅልፍ ወስዶታል። ክንፍ ያላት፣ ነጭ በነጭ የለበሰች የአየር መንፈስ አጠገቡ ተንበርክካ ታየዋለች። ነቅቶ ሊይዛት ሲሞክር በጭስ መውጫው ሽው ብላ ትጠፋለች። «ላ ሲልፊድ» የተባለው ይህ ዳንስ በፓሪስ ኦፔራ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በ1832 ማርች 12 ቀን ነው (ከዚህ በታች ያለው ዘመን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው)። ያዘጋጀው ፊሊፖ ታልዮኒ፣ መንፈሷን ሆና የጨፈረችው ደግሞ የገዛ ልጁ ማሪ ናት።

ፈረንሳዮች የቃሉን መጨረሻ «ት» ስለሚውጧት ይህን ጭፈራ «ባሌ» ነው የሚሉት። እንግዲህ ስሙ ካመሳሰለን አይቀር፣ ታሪኩን ወደ እኛው ባሌ ወስደን ጎባ ላይ ለአንድ አዛውንት ብናወራላቸው ምን ይሉን ይሆን? ከፍቅሩም ከክንፉም በፊት የሚጠይቁን ይመስለኛል፤ «ያን ስስ ነገር ለብሳ እሳት ዳር ምን ታደርጋለች?» ይሉናል። ጎባ ከባሕር ወለል ከ2,700 ሜትር በላይ ናት፤ ከራስጌዋ ያለው ሳነቴ ደግሞ 4,000 ሜትር ይደርሳል። እዚያ ሰው ከእሳት ጋር አብሮ ስለሚያድግ የጨርቅን ጠባይ ያውቃል። ሱፍ እሳት ሲነካው ይኮማተራል፣ ይጨሳል፣ ይሸታል፤ እሳቱ ሲርቅለት ግን አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ይጠፋል። ስስ ጥጥ ግን ወላፈኑን ካገኘ ጊዜ አይሰጥም። ጄምስ የአገሩን ሱፍ ነው የለበሰው። እሷ የለበሰችው ሻሽ ነው።

ሻሽ ያልኩት ለቀልድ አይደለም። ፈረንጆቹ ሞስሊን የሚሉትን ስስ የጥጥ ጨርቅ ዐረቦች «ሻሽ» ይሉታል። በሮቤ ገበያ እናቶች ራሳቸው ላይ ያሰሩት ሻሽም ስሙን ያገኘው ከዚያው ነው። የማሪ ታልዮኒ ልብስ ከላይ ወገቧን አጥብቆ የያዘ፣ ከታች እንደ ደወል የተነፋ፣ እስከ ባቷ ግማሽ የሚወርድ፣ ድርብርብ ስስ ነጭ ቀሚስ ነበር። ንድፉ የሠዓሊው የኤውዤን ላሚ ነው ይባላል። ዛሬ ሁሉም «ቱቱ» የሚለው ይኸው ልብስ ነው፤ ስሙ ግን የወጣለት ወደ ግማሽ ምዕተ ዓመት ቆይቶ ነው። ማሪ ቱቱ የሚባል ነገር ለበስኩ ብላ አታውቅም። ጨርቁን ያረከሰው የእንግሊዝና የፈረንሳይ የፈትል መኪና ሲሆን፣ ከጥጡ ብዙው የሚመጣው በአሜሪካ ባሮች ከሚለቅሙበት እርሻ ነበር። ከአየር የቀለለ የተባለው ልብስ እንዲህ ያለ ሸክም ነበረበት።

ልብሱን ልብስ ያደረገው ግን መብራቱ ነው። ፓሪስ ኦፔራ የድንጋይ ከሰል ጋዝ በቧንቧ እያመጣ መድረኩን ማብራት የጀመረው በ1822 ነው። ጋዝ እንደ ሻማ አይደለም፤ ቧንቧውን በመክፈትና በመዝጋት ይጨምሩታል፣ ይቀንሱታል። በ1831 «ሮበርት ለ ዲያብል» በተባለው ኦፔራ፣ በጨረቃ በሚመስል የጋዝ ብርሃን የሞቱ መነኮሳት ነጭ ለብሰው ከመቃብር ተነሥተው ሲጨፍሩ ተመልካቹ አብዶ ነበር። ፊታውራሪያቸውም ማሪ ነበረች። ብርሃኑ ስስ ነጭ ጨርቅ ውስጥ ሲያልፍ ሰውነት ጉም ይመስላል። በ1841 «ዢዜል» ስትመጣ ይኸው ነጭ ደንብ ሆኖ ነበር። ጋዙ ግን በባዶ ነበልባል ነው የሚነደው፤ ነበልባሉም የሚደረደረው በመድረኩ ጠርዝና በመጋረጃዎቹ መካከል፣ ልጃገረዶቹ በሚሽከረከሩበት መንገድ ላይ ነው።

ከዚያማ የሚሆነው ሆነ። በ1844 ዲሴምበር ለንደን ውስጥ ክላራ ዌብስተር የምትባል ዳንሰኛ በድሩሪ ሌን መድረክ ላይ ቀሚሷ ከመብራት እሳት ያዘና በቀናት ውስጥ ሞተች። በ1861 ፊላዴልፊያ በሚገኝ ቴአትር ቤት፣ የአንዷ ልብስ ሲቀጣጠል ልትረዳት የሮጠችው ሁሉ እየተያያዘች ቢያንስ ስድስት ዳንሰኞች አለቁ።

መድኃኒቱ እኮ ይታወቅ ነበር! ካርትሮን የሚባል ፈረንሳዊ ጨርቅ ነክረውበት እሳት እንዳይቀበል የሚያደርግ ውህድ አዘጋጅቶ፣ የፈረንሳይ መንግሥት በ1859 የመድረክ ልብስ ሁሉ እንዲነከር አዘዘ። የተነከረው ጨርቅ ግን ይደርቃል፤ ንጣቱም ይደበዝዛል። የታልዮኒ ደቀ መዝሙር ኤማ ሊቭሪ አልለብስም ብላ በጽሑፍ አስታወቀች።

ይህችን እምቢታ እያነሡ «ገላዋን ለውበቷ ሸጠች» የሚሉ አሉ። እኔ አልፈርድባትም። ኤማ በአሥራ ስድስት ዓመቷ፣ በ1858፣ መጀመሪያ መድረክ የወጣችው በዚያችው በ«ላ ሲልፊድ» ነው። እንጀራዋ መቅለል ነው። የኦፔራው ባለ ወንበሮች፣ ከመጋረጃ ጀርባ ድረስ ገብተው ዳንሰኞቹን እንዲያማርጡ የተፈቀደላቸው ሀብታሞች፣ የደረቀ ቀሚስ ለማየት አልከፈሉም። ከኋላ የሚሰለፉትማ አብዛኞቹ የድሃ ልጆች ናቸው፤ ማን ይጠይቃቸዋል? ከጋዙ ነበልባል ፊት ወንፊት መጋረድ ይቻል ነበር። አዋጁ ግን ቀሚሱን እንጂ መብራቱን አልተናገረም። እኛም ቤት ኩራዝ ተገልብጦ ልጅ ሲቃጠል መጀመሪያ የምንቆጣው ልጁን ነው።

ታልዮኒ ለኤማ በ1860 «ለ ፓፒዮን» የሚባል ዳንስ አዘጋጀችላት፤ ቢራቢሮ ሆና ወደ ችቦ ትበርና ክንፏ ይቃጠላል። ይህ ልብ ወለድ ነው። በ1862 ኖቬምበር 15 ቀን ግን በልምምድ ላይ ሳለች፣ መድረክ ከመውጣቷ በፊት ቀሚሷን ስታራግፍ የጋዙ ነበልባል ያዘው። እየነደደች በመድረኩ ላይ ሮጠች። ስምንት ወር ተሠቃይታ በ1863 ጁላይ 26 ቀን አረፈች፤ ሃያ አንድ አልሞላትም።

በ«ላ ሲልፊድ» መጨረሻም መንፈሷን የሚገድላት ጨርቅ ነው። ጠንቋይዋ የሰጠችውን መርዘኛ ሻርፕ ጄምስ በፍቅር ሲያለብሳት ክንፎቿ ይረግፋሉ።

ከኤማ ልብስ የተረፈው ቁርጥራጭ በፓሪስ ኦፔራ ቤተ መዘክር የሬሳ ሣጥን በምትመስል ትንሽ ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል። የተቃጠለችበት ቴአትር ቤት ራሱ በ1873 ኦክቶበር ተቃጥሎ ወደመ።