«ኤቲክስ» ምን ማለት ነው? ቃሉስ ከየት መጣ?

ብዙዎቻችን «ኤቲክስ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል የምናውቀው በየመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ላይ ከሚለጠፈው ደንብ ነው። አስተማሪ በነበርኩበት ጊዜም ተማሪዎቼን ትርጉሙን ስጠይቃቸው የተፈቀደና የተከለከለ ይዘረዝሩልኝ ነበር። የቃሉ አመጣጥ ግን ከደንቡ ይልቅ ወደ ሰውየው ይወስደናል።

ሥሩ ግሪክኛ ነው። በግሪክኛ «ኤቶስ» የሚመስሉ ሁለት ቃላት አሉ፤ የሚለያዩት በመጀመሪያው አናባቢ ማጠርና መርዘም ነው። አጭሩ ልማድ፣ ረጅሙ ጠባይ ማለት ነው። ኤቲክስ የመጣው ከረጅሙ ነው። አርስቶትል ሁለቱን አያይዞ፣ ጠባይ የሚገነባው ሥራን በመደጋገም እንደሆነ አስረድቷል። ሮማዊው ሲሴሮ ደግሞ ቃሉን ወደ ላቲን ለመመለስ፣ ልማድ ከሚለው የላቲን ቃል ተነስቶ «ሞራሊስ» የሚል አዲስ ቃል አወጣ። «ሞራል» የምንለው ከዚያ የመጣ ነው፤ እናም በትውልዳቸው ሞራል የኤቲክስ ትርጉም ነው።

በ9ኛው ክፍለ ዘመን የአርስቶትል መጽሐፍ ወደ ዐረብኛ ሲመለስ የተመረጠው ቃል «አኽላቅ» ነበር። ነጠላው «ኹሉቅ» ነው፤ በሱረቱል ቀለም 4ኛ አንቀጽ የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጠባይ የተወደሰው በዚሁ ቃል ነው። «ኸልቅ» (ፍጥረት) ከሚለው ቃል ጋርም ሥሩ አንድ ነው። ራጊብ አል-አስፈሃኒ ሲለዩዋቸው፣ ኸልቅ በዓይን የሚታየው ቅርጽ፣ ኹሉቅ ደግሞ በበሲራ የሚስተዋለው ጠባይ ነው ይላሉ። በ1030 እ.ኤ.አ ያረፉት ሚስከወይህም መጽሐፋቸውን «ተህዚቡል አኽላቅ» ብለውታል፤ ጠባይን ማረቅ እንደማለት ነው። ደንብ አይታረቅም፣ ሰው ግን ይታረቃል።

ወደ አማርኛው ስንመጣ፣ «ሥነ ምግባር» ከሁለት የግዕዝ ቃላት የተዋቀረ ነው፦ «ሥን» ውበት፣ «ምግባር» ሥራ። ያማረ ሥራ ማለት ነው፤ ትኩረቱ ከውስጥ ጠባይ ይልቅ በሚታየው ተግባር ላይ ያርፋል።

ይህ ልዩነት ኪታብ ለሚተረጉም ሰው ቀላል አይደለም። አኽላቅን ሁልጊዜ «ሥነ ምግባር» ብለን ስንመልስ ስህተት ባይሆንም ኹሉቅ የሚለው የውስጡ ነገር ይጎድላል። እኔ «መልካም ጠባይ» ይቀርባል ባይ ነኝ። ስለ ሐኪሞች ወይም ስለ ጋዜጠኞች ደንብ ሲወራ ግን «ሥነ ምግባር» ትክክለኛ ቦታው ነው።