ሐረር ሲቀነስ ሀረር
የሐረሪ ክልል ዘጠኝ ወረዳዎች አሉት። ከእነዚህ ላይ ሦስቱን የገጠር ወረዳዎች፣ ማለትም ኤረርን፣ ሶፊንና ድሬ ጥያራን ብንቀንስ አቦከር፣ አሚር ኑር፣ አባዲር፣ ሸንኮር፣ ጅንኤላና ሐኪም ይቀሩናል። ገልብጠን ከሦስቱ ላይ ዘጠኙን ብንቀንስስ? ባዶ ስብስብ! በመጀመሪያው ያለ፣ በሁለተኛው የሌለ፤ የስብስቦች ልዩነት ማለት ይኸው ነው።

ሐሳቡ ከኮምፒውተር በፊት የነበረ ነው። እንግሊዛዊው ጆርጅ ቡል እ.ኤ.አ. በ1854 ባሳተመው መጽሐፍ አንዱን ወገን ከሌላው ለማውጣት በተለመደው የመቀነስ ምልክት ተጠቅሟል። ከ1874 ወዲህ ደግሞ ጌኦርግ ካንቶር የስብስብን ጥናት ራሱን የቻለ የሒሳብ ዘርፍ አደረገው። በ1970 የወጣው የኒክላውስ ቪርት የፕሮግራም ቋንቋ ፓስካል ስብስብን ከነመቀነሻው ይዞ መጣ። እያንዳንዱን አባል በአንድ ቢት ስለሚወክል ፈጣን ነበር፤ ችሎታው ግን ከትንንሽ ስብስቦች አያልፍም። በዚያው ዓመት የአይቢኤሙ ኤድጋር ኮድ የዛሬዎቹን ዳታቤዞች መሠረት ጣለ፤ ልዩነትም ከዳታቤዝ ዋና ስሌቶች አንዱ ሆነ።

የኋላው ታሪክ ወጥ አይደለም። ፓይተን በ2004 ስብስብን አብሮ የተሠራ ዓይነት አደረገው። ጃቫስክሪፕት ግን ስብስብን በ2015 ተቀብሎ፣ ልዩነት ማውጫውን በደንቡ ውስጥ ያካተተው በ2025 ነው። ለዓመታት ፕሮግራመሩ የራሱን ማጣሪያ ሲጽፍ ኖረ፤ ለእንዲህ ያለ ቀላል ስሌት በዛ! ያም ሆኖ ማጣሪያው እንዴት እንደተጻፈ ለውጥ ያመጣል። 10,000 ስሞችን ከሌሎች 10,000 ጋር አንድ በአንድ ማነጻጸር እስከ 100 ሚሊዮን ንጽጽር ሊደርስ ይችላል፤ ሁለተኛውን ዝርዝር በሃሽ፣ ማለትም እያንዳንዱን ስም በቀጥታ ለማግኘት በሚያስችል ሰንጠረዥ፣ ካደራጁት ግን 20,000 ገደማ እርምጃ ይበቃል።

ለእኛ የሚከብደው ሌላ ነው። የግዕዝ ፊደል ለየፊደሉ ቁጥር በሚሰጠው ዓለም አቀፍ ደንብ፣ ዩኒኮድ፣ ውስጥ በ1999 ሲገባ ሀ እና ሐ ለየብቻ ቁጥር ተሰጣቸው። አንዱ ዝርዝር «ሐረር»፣ ሌላው «ሀረር» ቢል ኮምፒውተሩ ያለማንገራገር ከተማዋ ጠፍታለች ይላል። የአማርኛ ጽሑፍ በኮምፒውተር የሚያቀናብሩ ሰዎች ስለዚህ ከማነጻጸራቸው በፊት ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ ይመልሳሉ። ዋጋ ግን ያስከፍላል፦ ፀሐይ ሠረቀች እና ሌባ ሰረቀ በአንድ ፊደል ይቀራሉ። እኔ የምመርጠው ዋናውን አጻጻፍ ሳይነኩ፣ ለማነጻጸሪያ ብቻ የተስተካከለ ቅጂ ማዘጋጀትን ነው። አንዱ መዝጋቢ «አቦከር»፣ ሌላው «አቦክር» ቢጽፍ ግን ይህም አያድንም፤ እዚያ ላይ ስሙን ትቶ በወረዳው መለያ ቁጥር መቀነስ ነው።